ነርስ ሆና ወጥታ ነርስ ሆና ለመሥራት፦ የሙያ ፈቃድ ሰው አገር እንዴት ይገኛል?

ወሎ ውስጥ አንዲት ልጅ ውጭ ሄደች ሲባል የሚጠየቀው ይታወቃል። የት አገር ነች? ከሄደች ስንት ጊዜ ሆናት? ትልካለች? ምን ትሠራለች ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም፤ መልሱን የምናውቀው ይመስለናል። ለዓመታት ከሐይቅ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከመርሳ የወጡት ሴቶች አብዛኞቹ በኮንትራት ለቤት ሥራ አረብ አገር የሄዱ ስለሆኑ፣ የሴት ስደት ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው እሱ ነው።

አሁን ግን ሌላም ጉዞ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ በኋላም ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ሲጨመር፣ ከየሰፈሩ ነርስ፣ ሚድዋይፍ፣ ፋርማሲስት፣ ኢንጂነር፣ አካውንታንት የሆኑ ሴቶች ወጥተዋል። እነሱም ይሄዳሉ። አንዷ ዲቪ ይደርሳታል፣ አንዷን ባሏ ይወስዳታል፣ አንዷ ስኮላርሺፕ ታገኛለች፣ አንዷ ሪያድ ወይም ዱባይ ሆስፒታል ለመቀጠር ትፈተናለች። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለቤተሰቦቻቸው ነው። ደሴ ላይ ሌሊት ተረኛ ሆና ዋርድ ስትይዝ የነበረች ነርስ፣ ሰው አገር ስትደርስ ለምን ሽማግሌ አጣቢ ሆና ትቀራለች? ከዚያስ እንዴት ትወጣለች? ነገሩ የዕድል ጉዳይ ይመስላል፤ ግን አብዛኛው አሠራር ነው፣ አሠራር ደግሞ ይታወቃል።

ዲግሪሽ ድንበር ይሻገራል። ፈቃድሽ አይሻገርም። አዲስ ፈቃድ ለማውጣት የሚጠየቀው ወረቀት ደግሞ አብዛኛው የሚገኘው እዚሁ አገር ቤት ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ቦሌ ከመድረስ በፊት ነው።

ዲግሪ ሌላ፣ ፈቃድ ሌላ

ሥራዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱን ለመሥራት ቀጣሪው ካመነብሽ ይበቃል። ሶፍትዌር የምትሠራ፣ ዲዛይን የምታደርግ፣ ሒሳብ መዝገብ የምትይዝ ሴት የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ችሎታዋን ታሳያለች፣ ትቀጠራለች። ጀርመን ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በአይቲ በቂ የሥራ ልምድ ያለው ሰው ዲግሪ ባይኖረውም ብሉ ካርድ የሚባለውን የሥራ ቪዛ እንዲያገኝ ፈቅዳለች።

ሰው የሚጎዳበት ሥራ ግን እንደዚያ አይደለም። ነርስ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ ሚድዋይፍ፣ በብዙ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርም ጭምር፣ በአገሩ ሕግ ተመዝግበው ፈቃድ ካላወጡ መሥራት አይችሉም። ሆስፒታሉ ቢወድሽም፣ ሐኪሙ እጅሽን አይቶ ቢያደንቅም፣ ያለ ፈቃድ መርፌ ብትወጊ ሕግ ተላልፈሻል። ኢንጂነሪንግ መሐል ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ባለው ኢንጂነር ሥር ሆነሽ መሥራት ትችያለሽ፤ ካናዳ ደግሞ ፈቃድ ሳይኖርሽ ራስሽን ኢንጂነር ብለሽ መጥራት እንኳ አይፈቀድልሽም።

እኛ አገር የተለመደ ሆኖ ሌላው አገር የሌለ ሙያም አለ። ጤና መኮንን፣ ሰው ኤች.ኦ. የሚለው፣ በአብዛኛው ዓለም አቻ የለውም። እዚህ ጤና ጣቢያ ስትመራ፣ በሽተኛ ስታክም የኖረች ልጅ እዚያ ሐኪምም አይደለችም፣ ነርስም አይደለችም። ለእሷ የሚሻለው በሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ይዞ በዚያ በኩል መግባት ነው። ሚድዋይፎችም አሜሪካ ላይ ይቸገራሉ። የነርስ ፈቃድ የሚሰጡት የክፍለ ግዛት ቦርዶች የአዋቂ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት፣ የእናቶችና የአእምሮ ሕክምና ነርሲንግ ትምህርትና ልምምድ ተሟልቶ ማየት ይፈልጋሉ፤ የሚድዋይፍ ትራንስክሪፕት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ የተወሰነው ይጎድለዋል። እንግሊዝ ግን ሚድዋይፎች የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ባልሽ ያለበትን አገር መቀየር አትችይም፣ ገባኝ፤ አማራጭ ያላት ግን አገር ከመምረጧ በፊት ይህን ብታውቅ ዓመታት ይተርፏታል።

ወረቀቱ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ብዙዎች የሚወድቁት ፈተናው ላይ ሳይሆን እዚህ ነው።

ሰው አገር ያለው መዝጋቢ አካል አንቺ በእጅሽ ይዘሽ የሄድሽውን ወረቀት አያምንም። ኦርጅናል ዲግሪሽ በወርቅ ቢጻፍም አያምንም። የሚያምነው ወረቀቱን የሰጠው ተቋም ራሱ በቀጥታ ሲያረጋግጥለት ነው። ለአሜሪካ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ፖስታ ውስጥ አሽጎ፣ ማሸጊያው ላይ ማኅተም አድርጎ፣ ለገምጋሚው ድርጅት በቀጥታ ይልካል። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ዳታፍሎው የሚባል አጣሪ ድርጅት አለ፤ ለተማርሽበት ትምህርት ቤት፣ ለሠራሽበት ሆስፒታል፣ ፈቃድ ለሰጠሽ አካል ይጽፍና ይህች ልጅ እውነት የእናንተ ናት ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካላገኘ ማረጋገጥ አልቻልኩም ብሎ ይዘጋዋል። ሬጅስትራሩ ኢሜይሉን ሳያየው ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የምትጎጂው ግን አንቺ ነሽ። ስለዚህ ደሴ ወይም ወልዲያ ውስጥ ሬጅስትራር ቢሮ እየተመላለሰ የሚከታተልልሽ እህት፣ ወንድም ወይም የክፍል ጓደኛ ያስፈልግሻል። ይህን ሥራ ቀላል አድርገሽ አትዪው።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ደግሞ ኮስት ሼሪንግ መጠናቀቅ አለበት። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው አብዛኛው ዕዳው አለበት። ብዙዎች በቴምፖና በስቱደንት ኮፒ ሥራ ስለሚቀጠሩ ነገሩን ይረሱታል፣ ከዓመታት በኋላ ሚኒሶታ ወይም ፍራንክፈርት ቁጭ ብለው ያስታውሱታል። ከመሄድሽ በፊት ጨርሺው፣ ኦርጅናሉንም አውጪ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውን እንይ። እኛ አገር ደብዳቤው ምን እንደሚል ይታወቃል። ወ/ሪት እገሊት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ በነርስነት ሙያ፣ በወር ይህን ያህል ብር እየተከፈላቸው፣ ተገቢውን የሥራ ግብር እየከፈሉ አገልግለዋል። አለቀ። ሰው አገር ያለው ገምጋሚ ስለ ደመወዝሽም ስለ ግብርሽም አልጠየቀም። እሱ የሚፈልገው የትኛው ክፍል ሠራሽ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ የሙሉ ጊዜ ነበር ወይ፣ የምትሠሪው ምን ምን ነበር የሚለውን ነው። ድንገተኛ ክፍል የሠራሽው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሠራሽው፣ ማዋለጃ የሠራሽው ሁሉ እዚያች ደብዳቤ ላይ ካልተጻፈ እንዳልሠራሽው ነው። የሰው ሀብት ኃላፊውን ጠይቂ፣ ረቂቁን አንቺው ጽፈሽ ስጪ፣ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ማኅተምና ፊርማ ይኑረው።

ክሊራንስ ሳትወስጂ ደግሞ አትጥፊ። ቪዛ መጣልኝ ብላ ከሥራ ገበታዋ ጠፍታ የሄደች ልጅ በኋላ የሥራ ልምድ ስትጠይቅ ፋይሏ ላይ ያለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ጉድ ስታንዲንግ የሚባል ደብዳቤ አለ። ፈቃድ የሰጠሽ የጤና ቢሮ ወይም ጤና ሚኒስቴር ይህች ባለሙያ የዲሲፕሊን ችግር የለባትም ብሎ የሚጽፈው ነው። ይህን ግን ቶሎ አታውጪው፤ ብዙ ቦታ ከተጻፈ ጥቂት ወራት ካለፈው አይቀበሉትም።

የስም ነገር ወሎ ላይ በተለይ ከባድ ነው። ሰይድ፣ እንድሪስ፣ ሙሐመድ፣ ፋጡማ የሚሉ ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፉ አስቢው። ሙሐመድ ስምንተኛ ክፍል ካርድ ላይ በአንድ ኤም፣ ዲግሪው ላይ በሁለት ኤም፣ ፓስፖርቱ ላይ ከፊቱ በኦ ፋንታ በዩ ተጽፎ ይገኛል። እንድሪስ አንዴ በኢ፣ አንዴ በአይ ይጀምራል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለገምጋሚው ግን ሦስት ሰው ነው። ላዩ ላይ ደግሞ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፓስፖርቱ ላይ የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፣ ዲግሪው ላይ አያት ይቀራል፣ ባለትዳር ስትሆኚ ደግሞ የባልሽን ስም ካስገባሽ አራተኛ ሰው ሆንሽ። የልደት ቀንም እንደዚሁ። በ1988 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ አንዱ ሰነድ ላይ 1988፣ ሌላው ላይ 1996 ሆና ትገኛለች፤ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ አንዱ በፈረንጅ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የጻፈ የለም።

መፍትሔው አሰልቺ ነው ግን ይሠራል። ሁሉንም ሰነድ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ። ፓስፖርቱን መለኪያ አድርጊ። ፊደል በፊደል አነጻጽሪ። የማይገጥመውን ሰነዱን የሰጠው ቢሮ እንዲያስተካክለው ጠይቂ፣ ቢሮው እምቢ ካለ በፍርድ ቤት ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ ቃለ መሐላ አንድ ሰው መሆንሽን አስጽፊ። እዚህ ሆነሽ የሳምንታት ሥራ ነው፤ እዚያ ሆነሽ ግን ዓመት ይፈጃል።

ጦርነቱንም ማንሳት አለብኝ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ወልዲያም፣ ደሴም፣ ኮምቦልቻም በጦርነቱ ውስጥ ሲያልፉ ዩኒቨርሲቲዎቹና ሆስፒታሎቹ ተዘርፈዋል፣ ንብረትና ሰነድ ወድሟል። ከዚያ በፊት የተማርሽ ወይም የሠራሽ ከሆንሽ ፋይልሽ መኖሩን ዛሬውኑ ሄደሽ አረጋግጪ። ሰው ሲጠይቅሽ አይደለም፣ አሁን። በእጅሽ ያለው ቅጂ ሁሉ፣ የድሮ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ መክፈያ፣ የምረቃ መጽሔት ሳይቀር፣ ፋይሉን መልሶ ለማቋቋም ይጠቅማል። የግል ኮሌጅ የተማርሽና ኮሌጁ የተዘጋ እንደሆነም ፋይሉ ወዴት እንደሄደ ከመሄድሽ በፊት አጣሪ። ሁሉንም ስካን አድርገሽ ኢሜይልሽ ላይ አስቀምጪ።

አገር ለአገር

የባሕረ ሰላጤው አገሮች መንገድ አጭሩ ነው። ዳታፍሎው ሰነድሽን ያጣራል፣ በኮምፒዩተር ፕሮሜትሪክ የሚባለውን ፈተና ትወስጃለሽ፣ ከዚያ የሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን ወይም የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ወይም እንደየቦታው ሌላው ፈቃድ ይሰጥሻል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አዲስ ቋንቋ መማር አይጠበቅብሽም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ዲግሪ ይዛ፣ ሥራ አጥታ፣ እስከዚያው ብላ በቤት ሠራተኛ ቪዛ የምትሄድ ልጅ አለች። ከገባሁ በኋላ ሆስፒታል እፈልጋለሁ ትላለች። ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ላይ የተጻፈው የቤት ሠራተኛ ነው፤ የምትተዳደረውም በዋናው የሠራተኛ ሕግ አይደለም፣ ለቤት ሠራተኞች ተለይቶ በወጣ ደንብ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ቤት ሆና ፕሮሜትሪክ የምታጠናበት ጊዜም የላትም። ሰው ቤት የሠራችበት ዘመን ደግሞ በሙያዋ ላይ ክፍተት ሆኖ ይቆጠራል፤ ክፍተቱ ሲረዝም ተጨማሪ ሥልጠና አምጪ ትባላለች፣ ወይም ማመልከቻዋ ይመለሳል። የቤት ሥራ ክቡር ሥራ ነው፣ ስንት ቤት አቁሟል። ግን ወደ ሙያ የሚወስድ መንገድ ነው ብሎ የሚነግርሽን አትመኚው።

ጀርመን ረጅም ነው፣ ግን ደረጃው ይታያል። መጀመሪያ ቋንቋ። ነርስ በአብዛኛው ቢ2 የሚባለው ደረጃ ላይ መድረስ አለባት፣ ሐኪም ደግሞ በላዩ የሕክምና ቋንቋ ፈተና አለባት። ከዚያ ሰነዷ በመሐላ ተርጓሚ ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ ለሚመለከተው የክፍለ ግዛት መሥሪያ ቤት ይገባል። እነሱ የእኛን የነርስ ትምህርት ከነሱ ጋር ያስተያያሉ። የነሱ ነርስ ሦስት ዓመት ስትማር 2,100 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2,500 ሰዓት ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ በልምምድ ታሳልፋለች። የእኛ ዲግሪ አራት ዓመት ቢሆንም ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚታየው ክሬዲት እንጂ ሰዓት አይደለም። ልምምዱ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ በየትኛው ክፍል እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እንደጎደለ ይቆጠራል። ስለዚህ ከትምህርት ክፍልሽ ሰዓቱን ዘርዝሮ የሚያሳይ የተፈረመ ደብዳቤና ካሪኩለም ይዘሽ ውጪ።

ከዚያ ዴፊዚትበሻይድ የሚባል ደብዳቤ ይመጣል። ስሙ ራሱ ያስደነግጣል፤ ወድቄያለሁ ብላ የምታለቅስ አለች። አብሽሪ፣ አልወደቅሽም። ደብዳቤው የሚለው ይህን ያህሉ ትምህርትሽ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ይህ ግን ይጎድላል ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የአረጋውያን እንክብካቤ ወይም የቤት ለቤት ነርሲንግ ልምምድ ነው፤ እኛ አገር ሽማግሌ የሚጦረው ልጅ ጋ ስለሆነ ትምህርቱ ውስጥም ሰፊ ቦታ የለውም። የጎደለውን በሁለት መንገድ ትሞያለሽ። ወይ ሆስፒታል ውስጥ የተወሰኑ ወራት በማስተካከያ ሥልጠና ትሠሪያለሽ፣ ወይ ደግሞ የዕውቀት ፈተና ትቀመጫለሽ። እስከዚያው እንደ ረዳት ነርስ ሆነሽ እየተከፈለሽ ትሠሪያለሽ። ይህን ደብዳቤ ለቀጣሪ የምታሳይ ልጅና ምንም የሌላት ልጅ አንድ አይደሉም፤ ደብዳቤው የሥራ ቪዛ ለመጠየቅም መሠረት ነው።

እንግሊዝ የቋንቋ ፈተናው ጥብቅ ነው። በአይኤልትስ ማንበብ፣ ማዳመጥና መናገር እያንዳንዳቸው 7፣ መጻፍ 6.5 ይጠይቃል። በኮምፒዩተር የሚሰጠውን ፈተና ካለፍሽ በኋላ እዚያው እንግሊዝ ሄደሽ ኦስኪ የሚባለውን የተግባር ፈተና ትፈተኛለሽ። 10 ጣቢያ አለው፤ አንዱ ጋ ደም ግፊት ትለኪያለሽ፣ አንዱ ጋ መድኃኒት ትሰጫለሽ፣ አንዱ ጋ ልቡ የቆመን ሰው ለማዳን ትሞክሪያለሽ። ክፍያው ወደ 800 ፓውንድ ይጠጋል፣ ብዙ ሆስፒታሎች ይሸፍኑታል።

እዚህ ላይ ደላላ የማይነግርሽ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸውን 55 አገሮች በዝርዝር አውጥቷል፣ ኢትዮጵያም አለችበት። እንግሊዝ በዚህ ዝርዝር ካሉ አገሮች ቀጣሪዎቿም ሆኑ ኤጀንሲዎች ሄደው ነርስ እንዲመለምሉ አትፈቅድም። አንቺ በራስሽ ማስታወቂያ አይተሽ በቀጥታ ማመልከት ግን ትችያለሽ። ስለዚህ የእንግሊዝ ሆስፒታል ደሴ ላይ ነርስ እየመዘገበ ነው ያለሽ ሰው ገንዘብሽን እየፈለገ ነው። ሌላው ወሬ የእንክብካቤ ሠራተኛ ቪዛ ነው። እሱ ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ አመልካች ተዘግቷል። አሁንም እሱን የሚሸጥ ካለ የሌለ ዕቃ ነው የሚሸጠው።

አሜሪካ አብዛኞቹ የሚገቡት በዲቪ ወይም በትዳር ስለሆነ የመኖሪያ ፈቃዱ ቀድሞ ይገኛል፣ ሙያው ወደኋላ ይቀራል። ነርስ ትራንስክሪፕቷ ከተገመገመ በኋላ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ትወስዳለች። ፈተናው ከመልስሽ ጋር አብሮ የሚከብድና የሚቀል ነው፤ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ ይመጣል፣ ጊዜው አምስት ሰዓት ነው። ስንት ጥያቄ ላይ እንደቆመብሽ አይቶ ማለፍሽን መገመት አይቻልም፣ ስለዚህ በ85 ቆመ ብለሽ አትደንግጪ። ሐኪሞች ደግሞ ዩኤስኤምኤልኢ የሚባሉትን የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎች አልፈው፣ ሰርተፊኬት አግኝተው፣ እንደገና ለዓመታት ሬዚደንሲ የሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና መግባት አለባቸው፤ ብዙ ሆስፒታሎች ከተመረቀ ብዙ ዓመት ያለፈውን ሐኪም ስለማይመርጡ ለእነሱ ጊዜ በጣም ይሮጣል።

እስከዚያው የሚባለው ሥራ

አሁን ወደ ዋናው ሕመም እንምጣ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡ ዲግሪ ያላቸው ሠራተኞች ከ10 ሰው 4 ገደማ ከትምህርታቸው በታች በሆነ ሥራ ላይ እንደሚሠሩ ዩሮስታት የሚባለው የኅብረቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ያሳያል። ለአገሬው ሰው ይህ ከ10 ሰው 2 ገደማ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት ደግሞ ከ100 ስደተኛ ሠራተኛ ሴቶች 29ኙ በእንክብካቤ ዘርፍ ነው ያሉት፣ ከወንዶቹ 12 ብቻ። ሴት ልጅ ስትሰደድ በር የሚከፈትላት ሽማግሌ ቤት፣ ልጅ ማሳደጊያ፣ ጽዳት ነው። ሲኤንኤ የሚባለው የአሜሪካ ረዳት ነርስነት በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይበቃዋል። በጥቂት ሳምንት ሥራ ትገቢያለሽ። ነርስ ሆኖ ለመመዝገብ ግን ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይፈጃል።

እኔ ሲኤንኤን አልነቅፍም። ቋንቋው ይለመዳል፣ የሆስፒታሉ አሠራር ይታያል፣ የመድኃኒት ስም ጆሮ ይገባል፣ ለወደፊት ምስክር የሚሆን ሰው ይገኛል። ችግሩ ሁለተኛው ሥራ ሲጨመር ነው። ቀን አንድ ቦታ፣ ሌሊት ሌላ ቦታ፣ ቅዳሜና እሑድ ተጨማሪ ሰዓት። እንዲህ የሚሠራ ሰው መጽሐፍ አይከፍትም፣ ቢከፍትም ላዩ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ለምን ሁለት ሥራ ትይዛለች ብለሽ ስትጠይቂ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፣ ወሎ።

እውነቱን እንነጋገር። ልጅቷ ከሄደች ሦስት ወር ሳይሞላት የቤት ኪራይ፣ የወንድም ትምህርት፣ የጎረቤት ለቅሶ፣ የቆርቆሮ፣ የበሬ ይጠየቃል። የሚጠይቀው ክፉ ሰው አይደለም። እናት ናት፣ አጎት ነው፣ አብሯት ያደገ ነው። እሷም እምቢ ማለት ነውር ይመስላታል፣ ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ ትይዛለች፣ ፈተናው ለከርሞ ይባላል፣ ከርሞም ይደርስና ደግሞ ለከርሞ ይባላል። ወንድሟ ቢሄድ ኖሮ እስኪደላደል ይጠበቅ ነበር፤ ሴት ልጅ ግን ደግ ናት ተብሎ ከመጀመሪያው ወር ይጀመራል። ልጅቷ በሙያዋ ብትመዘገብ ደመወዟ በጣም ከፍ ይላል፣ የሥራ ዋስትናዋም ይጠነክራል። ሁለት ዓመት የታገሠ ቤተሰብ ለሃያ ዓመት የሚጦረው ሰው ያገኛል። ስለዚህ ሽኝቱ ላይ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ ይህች ልጅ እስክትፈተን ድረስ አትጠየቅ ብሎ ደፍሮ የሚናገር አንድ ሰው ያስፈልጋል። አባት ቢናገረው ይሰማል። አጎት ቢናገረውም ይሰማል።

ትዳርና ልጅም አለ። ባል ቀድሞ የሄደ እንደሆነ ሚስት ስትደርስ የሱ ፕሮግራም ተደላድሎ ይጠብቃታል። እሱ ይሠራል፣ እሷ ልጅ ትይዛለች፣ ሕፃናት ማቆያ በጣም ውድ ነው፣ እናትና እህት አጠገቧ የሉም። አብረው ቁጭ ብለው መጀመሪያ ማን ይማር፣ ማን ልጅ ይያዝ፣ እስከ መቼ ብለው ካልተነጋገሩ ተራው ሁልጊዜ የሱ ይሆናል። እኔ እንደሚታየኝ ብዙ ነርሶች የሚቀሩት ፈተናው ከብዷቸው ሳይሆን ተራቸው ሳይደርስ ነው። በአንጻሩ ደግሞ በየከተማው ያሉ የእኛ ሴቶች እቁብ ጥለው ለፈተና ክፍያና ለጥናት ኮርስ የመጀመሪያውን ዕጣ ለምትፈተነው እየሰጡ፣ ልጅ በየተራ እየያዙ እርስ በርስ የሚተጋገዙበት ነገር አለ። ይህ በጣም ደስ ይለኛል። አዲስ ከተማ ስትደርሺ መጀመሪያ የምትፈልጊው ፈቃዱን ያወጣች የአገርሽን ልጅ ነው። እሷ የትኛው ቢሮ የቱን ወረቀት እንደሚመልስ በልቧ ታውቀዋለች።

በትምህርት የሚሄዱት ላይ ግን ነገሩ ይቀላል፣ ምክንያቱም ዲግሪው የዚያው አገር ይሆናል። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው ዓለማያ፣ ከዚያ አሜሪካ ሞንታናና ካንሳስ ተምረው፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ለዓመታት በተመራማሪነት ሠርተው፣ በኋላ ናይሮቢ የሚገኘውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2023 የመሩትን ዶክተር ሰገነት ቀለሙን ማንሳት ይቻላል። ሙያ ሳይቋረጥ ከአገር አገር መሄድ እንደሚቻል እሳቸው አሳይተዋል። ውጤትሽ ጥሩ ከሆነና ልጅ እግር ከሆንሽ ስኮላርሺፕን መጀመሪያ ሞክሪ እላለሁ፣ በተለይ ጤና መኮንኖች።

ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራ ፈቃድን ወጪ አሠሪው ላይ ነው የሚጥለው። አንቺ የምትከፍይው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የሰነድ ማረጋገጫ ያለውን ነው። የእንግሊዝ ሕግም ነርስን ለማስቀጠር ከነርሷ ገንዘብ መቀበል ይከለክላል። ዋናው ምልክት ይህ ነው። ፈተና ሳትፈተኚ፣ ቋንቋ ሳትማሪ፣ ሰነድሽ ሳይጣራ፣ ይህን ያህል ሺህ ብር ካመጣሽ ነርስ ሆነሽ ትሠሪያለሽ ያለሽ ሰው ከፈቃዱ ሕግ ውጭ ነው የሚያወራው። የፈቃድ ማመልከቻ በራስሽ ስም፣ በራስሽ ኢሜይል፣ በራስሽ የይለፍ ቃል ይከፈታል። አካውንቱን ሌላ ሰው ከከፈተልሽ ፋይልሽ የሱ ነው፤ ተጣልታችሁ ብትለያዩ ማስገባትሽን እንኳ ማረጋገጥ አትችይም።

ቀድመሽ የሄድሽና ወረቀትሽ እዚህ የቀረ ከሆንሽም መንገድ አለ። ባለሽበት አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄደሽ ውክልና ስጪ። ውክልናው ላይ ዝም ብሎ በሁሉም ጉዳይ እንዲል አታድርጊ፤ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንዲያወጣ፣ ኮስት ሼሪንግ እንዲከፍል፣ ከሠራሽበት ሆስፒታል የሥራ ልምድና ክሊራንስ እንዲወስድ፣ ከጤና ቢሮ ጉድ ስታንዲንግ እንዲጠይቅ እያልሽ በዝርዝር አስጽፊ፣ አለዚያ አንዱ ቢሮ ይህ አልተጻፈም ብሎ ይመልሰዋል። ውክልናው ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። የምትወክይውም ደሴ ወይም ወልዲያ የሚኖር፣ ቢሮ መመላለስ የማይሰለቸው ሰው ይሁን።